ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ በጭራሽ

ኩልዌ ደሴት፣ ቺሎዌ
ኤፕሪል 21 ቀን 1997

አይዴዬ፣ የወንድሜ ልጅ፣

ይህ ደብዳቤ ሳይረጥብ ከደረሰሽ የፖስታ ጀልባው ሰውዬ ልብ ገዝቷል ማለት ነው። እንዴት ነሽ? ሳሉ ለቀቀሽ? የላክሁልሽን የሱፍ ካልሲ «ሳንቲያጎ እንዲህ ያለ አይደረግም» ብለሽ ሳጥን ውስጥ እንደቀበርሽው አላጣሁትም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል፤ እዚህ ደግሞ ዝናብ የማይመጣበት ቀን ስለሌለ አፉን ዘግቶ አያውቅም።

ከዩኒቨርሲቲሽ የላክሽው የልጆች ጽናት መለኪያ መጠይቅ ደርሶናል። «ልጆቹ እንዴት ተቀበሉት?» ላልሽው ግን ባትጠይቂኝ ይሻል ነበር። መመሪያሽ «እያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ይቀመጥ፤ መነጋገር አይፈቀድም» ይላል። እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝና አሥራ አንዱንም ተማሪዎቼን ከምድጃው ዙሪያ አስነሥቼ አንዱን ጥግ፣ አንዱን መስኮት ሥር፣ አንዱን ኮሪደር ላይ በተንኳቸው። ኩስቶዲዮ ጊኔዮን ታውቂው የለ? የቤተ ጸሎቱ ደወል ደዋይ የልጅ ልጅ፣ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። እንባው ዱብ ዱብ እያለ «እትዬ፣ ምን አጥፍተን ነው?» አይለኝ መሰለሽ!

«ምንም አላጠፋችሁም፤ ጽናታችሁ ሊለካ ነው» አልሁት።

«በምን?»

ምን ልበለው? በክንድ ነው በቁና? «በጥያቄ» አልሁት። እሱም አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ እርሳሱን ይጠባ ጀመር። «ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ በጭራሽ» ከሚሉት ሦስት ሳጥኖች አንዱን መምረጥ ይህን ያህል የሚያስምጥ አይመስለኝም ነበር።

ልኬቱ እንዲያምርላቸው የጓጓሁት ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ባሕሩ የግቢያችንን አጥር ወስዶታል። አሁን ከመጸዳጃ ቤቱ ኋላ ቆመሽ ብትተፊ ምራቅሽ ውኃ ላይ ነው የሚያርፈው። የካስትሮው ትምህርት ቢሮ ትምህርት ቤቱን ዘግቶ ልጆቹን ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ሊያስገባቸው አሰፍስፏል። የስድስት ዓመት ልጅ ከናቱ ጉያ ወጥቶ፣ ከማያውቀው ሕፃን ጋር በተደራራቢ አልጋ ሊተኛ! ልጆቹ ከሄዱ እዚህ ደሴት ላይ የምንቀረው እኛ ሽማግሌዎቹና ድንቹ ነን። አንቺ እንዳልሽው «እነዚህ ልጆች ባሉበት ቦታ ደህና ናቸው» የሚል ቃል ከሳንቲያጎ በቁጥር ተጽፎ ቢመጣ ግን ቢሮውም አፉን ይይዛል ብዬ ነው።

በተለይ ኤዱቪናን እይልኝ። ኤዱቪና ናዌልኪን፣ ዘጠኝ ዓመቷ። ባለፈው ክረምት አባቷ ሮሴንዶ ከአቤሊኖ ማንሲያ ጀልባ ላይ ማዕበል እንደወሰደው ጽፌልሽ ነበር። አቤሊኖ ብቻውን ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ በሩን ዘግቶ ከሰው አይገጥምም፣ ሰውም አይደርስበትም። እናቷ ከአልጋ አልተነሣችም። ይቺ ልጅ እንጨት ፈልጣ፣ አሳማ ቀልባ፣ ድንች ቆፍራ፣ ፊቷን ታጥባ ከሁሉም ቀድማ ክፍል ትገኛለች። ከማንም ምንም ስትጠይቅ አይቻት አላውቅም። ስትገባ ከመቀመጫዬ ልነሣላት ይዳዳኛል፤ እውነቴን ነው የምልሽ።

ወረቀቶቹ ከዚህ ጋር አሉ። ከሥር የተቀመጠው የድንች ቂጣ፣ ሚልካኦው፣ ግን ላንቺ ነው፤ ድንቹ የራሴ ነው፣ ሳይሻግት ብዪው።

አክስትሽ ዶሚቲላ


ሳንቲያጎ
ሜይ 19 ቀን 1997

ለምወድዎት ለአክስቴ፣

አስቀድሜ ይቅርታ፤ መልሴ ዘገየ። ሚልካኦው በጣም ጣፍጦ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ነገር ነበረበት፣ እሱንም በላሁት። ካልሲውን አድርጌዋለሁ። ቢሮ ውስጥ ጫማ ስለማላወልቅ ማንም አላየብኝም። ሳሌም ለቆኛል፣ አያስቡ።

አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው፤ እንዳይቆጡኝ። ልጆቹ ተኮራርጀዋል እንዴ? ወይስ እርስዎ አንጀትዎ አልችል ብሎ ጠቆም አድርገዋቸዋል? እንዲህ የምለው ወድጄ አይደለም። «ችግር ሲገጥመኝ ብቻዬን እወጣዋለሁ» ለሚለው ከአሥራ አንዱ አሥሩ «በጭራሽ» ብለዋል። «የሰው እርዳታ ሳልጠይቅ ሥራዬን እጨርሳለሁ» ለሚለውም እነዚያው አሥሩ «በጭራሽ»። «ማንም ባይኖር እችላለሁ» ለሚለውም «በጭራሽ»። ኩስቶዲዮ ያሉኝ ልጅማ ምልክቱን ደጋግሞበት ወረቀቱ ተቀዷል። በየትም ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነገር አላየንም። በመለኪያችን ሲሰላ ኩልዌ ከሁሉም መጨረሻ ሆኖ ወጣ።

ኤዱቪና ግን ሙሉ ነጥብ አገኘች! አለቃዬ ፕሮፌሰር ላባርካ ወረቀቷን ይዘው ከክፍል ክፍል ሲዞሩ ዋሉ። «አባቷን ባሕር በልቶት፣ እናቷ ተኝታ፣ ልጅቱ እንዲህ! እኛ የምንፈልገው ጽናት ይኸው!» አሉ። እርስዎ ከመቀመጫዬ ልነሣላት ይዳዳኛል ያሉት ገባኝ። እኔንም ነዘረኝ።

ስለ ሌሎቹ አሥር ልጆች ገና የሚጣራ ነገር ስላለ አሁን ብዙ ባልል ይሻላል። ቢሮውን በሚመለከት ሐሳብ አይግባዎት። ስለ መኮራረጁ ብቻ በቶሎ ይጻፉልኝ፤ አደራ።

ልጅዎ አይዴ


ኩልዌ
ጁን 9 ቀን 1997

አይዴ፣

ሰላምታውን በኋላ እመለስበታለሁ። ተኮራርጀዋል? እኔ ዶሚቲላ ካርካሞ ልጅ አስኮርጄ የማስለካ ሴት ነኝ? አንቺንስ ያስተማርሁሽ እንደዚያ ነው? ደብዳቤሽን አንብቤ ተንጨረጨርሁ፣ ለምድጃውም አነበብሁለት፣ ለድመቷም አነበብሁላት። ቁጣዬ በረድ ሲልልኝ ግን እኔም ነገሩ ከነከነኝ። አሥር ልጅ እንዴት አንድ ቃል ይመልሳል?

በማግስቱ ምድጃው ዙሪያ ሰብስቤ ጠየቅኋቸው። «ልጆች፣ ብቻዬን እወጣዋለሁ ለሚለው ለምንድን ነው በጭራሽ ያላችሁት?» እርስ በርሳቸው ተያዩ። አስተያየታቸውን ብታይ! ስሜን የረሳሁ ነው የመሰላቸው። በመጨረሻ ኩስቶዲዮ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ ሊያስረዳኝ ሞከረ።

«እትዬ፣ ብቻውን የሚሠራማ የሚመጣለት ሰው የሌለው ነው» አለኝ። «እኛ ግን አለን።»

ይህን ያህል ዘመን ጠመኔ ይዤ ቆሜ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ወረቀቱን ስሰጣቸው አንድም ነገር አልታየኝም ነበር፤ ጥያቄው ከላይ እስከ ታች የሚጠይቃቸው «የሚመጣላችሁ ሰው የለም ወይ?» ብሎ ነው። እነሱም «ኧረ አለን!» ብለው መለሱ። መለኪያሽ ደግሞ ደካሞች ናቸው ብሎ ጻፈባቸው።

አንቺስ የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም? አባትሽ የእንጨት ቤቱን እንዳለ ከረግረጉ አንሥቶ በበሬ ወደ ኮረብታው ለማስጎተት ደቦ ሲጠራ ቆቡን አውልቆ በየደጁ ሲቆም እጁን ይዘሽ አብረሽ ዞረሻል። አልተቀመጠም፣ የፖም ጠጅ ቢሰጡት አልቀመሰም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ልለምንህ መጣሁ» ብቻ ነው ያለው። የተለመነውስ ምን አለ? ለምን አላለም። ስንት ሰው አለህ አላለም። «መቼ?» ነው ያለው፤ ሌላ ቃል የለውም። ሳይለመን የቀረው ያ አኩራፊ ጎረቤታችን ደግሞ «ንቀውኝ ነው» ብሎ ስንት ጊዜ ከአባትሽ ጋር ሳይነጋገር እንደኖረ አትረሺውም። እዚህ መለመን ውርደት ሆኖ አያውቅም። ሰውን ሳይለምኑት ማለፍ ነው ስድቡ።

አሁን የምነግርሽ ግን የባሰው ነው። ልጆቹ ሲበተኑ ኩስቶዲዮ ወደ ኋላ ቀርቶ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ሁልጊዜ ያለችው ኤዱቪና ብቻ ናት አይደል?» አለኝ። «ታሳዝነኛለች።»

አየሽ፣ እኔ ያቺን ልጅ ጎበዝ፣ አንበሳ እያልሁ ሳጨበጭብላት ልጆቹ ሲያዝኑላት ኖረዋል። እንጨት ተሸክመውላት ቢሄዱ በሩን አትከፍትላቸውም። ምሳቸውን ቢያካፍሏት «ጠግቤአለሁ» ትላለች። ዓይኔ ሥር ልጅቱ እየሰጠመች እኔ የዋና ሽልማት እሰጣታለሁ! አንቺም፣ እኔም፣ ፕሮፌሰርሽም አንድ ላይ ተሳሳትን።

እባክሽ ይህን ውጤት ለማንም እንዳታሳዪ። ካስትሮ ከደረሰ አለቀልን። «አልላክሁትም» ብለሽ ጻፊልኝ። ሰላምታውን ያኔ እሰጥሻለሁ።

ዶሚቲላ


ሳንቲያጎ
ጁላይ 14 ቀን 1997

አክስቴ፣

ደብዳቤዎን ይዤ ስንት ቀን እንደዞርሁ አልነግርዎትም። «አልላክሁትም» ብለሽ ጻፊልኝ ብለዋል። ያን ቃል መጻፍ አልችልም። ባለፈው ስጽፍልዎ ውጤቱ ከሄደ ሰንብቶ ነበር፤ ልነግርዎ ፈርቼ ነው «የሚጣራ ነገር አለ» ያልሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቢሮው መልስ ሰጥቷል። በዓመቱ መጨረሻ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ልጆቹ «ለቅርብ ክትትል» ወደ ካስትሮ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባሉ። ምክንያት ብለው የጻፉት የኔን ቁጥር ነው። እርስዎን ሊያድንልኝ ብዬ የላክሁት ቁጥር መልሶ እርስዎን መታ።

የኩስቶዲዮን ቃል ለፕሮፌሰር ላባርካ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ጥሩ ተረት ነው። ለአንድ ደሴት ብለን ግን የአገር መለኪያ አንቀይርም» አሉ። እኔም አጎንብሼ ወጣሁ። የምመረቀው በሳቸው ፊርማ ነው። ይህን ስጽፍልዎ ፊቴ ይቃጠላል።

የአባቴን ቆብ አልረሳሁትም፣ አክስቴ። ዝናብ ጠጥቶ ጠርዙ ወደ ታች ተጣጥፎ ነበር። በየደጁ «መቼ?» ሲሉት የያዘኝ እጁ ላላ ሲል ይሰማኝ ነበር። እዚህ ስመጣ ያን መለመን የት እንዳስቀመጥሁት አላውቅም። የራሴን መጠይቅ ዛሬ ብሞላው የምሞላው እንደ ኤዱቪና ነው።

ቢቆጡም ይጻፉልኝ።

አይዴ


ኩልዌ
ሴፕቴምበር 22 ቀን 1997

አይዴ፣

«ምነው ዝም አሉ? አመመዎት ወይ?» እያልሽ ደጋግመሽ ጽፈሻል። አላመመኝም፤ ተቀይሜሽ ነው። ዛሬ የምጽፍልሽ ቂሜ አልቆ አይደለም። ያየሁትን ለሰው ካልነገርሁ ደረቴ የሚፈነዳ ስለመሰለኝ ነው።

መጸዳጃ ቤታችን ወደ ባሕር ሄደ። እግዜር ይመስገን፣ ውስጡ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ምንም መጠበቅ የማይቻልበት ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ ቤተ ጸሎቱ ደጅ ተሰበሰቡ። ትምህርት ቤቱን ከነጣሪያው ነቅሎ፣ ባሕሩ ሲሞላ አንሳፍፎ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ቤተ ጸሎቱ ሜዳ ላይ ማሳረፍ እንደሚቻል ሁሉም ያውቃል። በሬም አለ፣ ገመድም አለ፣ ክንድም አለ። ቢሮው ይዝጋውም አይዝጋው መጀመሪያ ባሕር እንዳይበላው ነው።

ግን ማን ይለምን? ደቦ የሚጠራው ባለቤት ነው። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት፤ መንግሥት ደግሞ ቆቡን አውልቆ ደጅ ቆሞ አያውቅም። «እኔ እለምናለሁ» ብዬ ብድግ አልሁ። «እትዬ ዶሚቲላ፣ እርስዎማ ደመወዝተኛ ነዎት» አሉኝ። ሊሰድቡኝ አይደለም፣ እውነታቸውን ነው። ባለቤት ያልለመነበት ደቦ ግዳጅ ነው ይላሉ። በዝናቡ ወደየቤታችን ተበተንን። ያለቀ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ክፍል ስገባ ምድጃው ዙሪያ ተፋፍገው ይንሾካሾካሉ። «ምንድን ነው ደግሞ?» ስል ኩስቶዲዮ ተነሣ። «ባለቤቱማ እኛ ነን» አለኝ። «የምንቀመጥበት እኛ አይደለን?»

አይዴ፣ እጄን በአፌ ጫንሁ። ቤቶቹን ሁሉ ተከፋፍለዋቸዋል። የራስን ቤት መለመን ነውር ነው ብለው አንዱ ወደ ሌላው ቤት ተመድቧል። ያ አፉ የማይፈታው የእነ ሌፒዮ ልጅ ሳይቀር ደርሶታል። እኔን የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ቆብ የሌለው ልጅ ምኑን ያወልቃል? «የዝናብ ካፖርቱን መከናነቢያ ወደ ኋላ ይመልሰው» አልኋቸው። በዚያ ሳምንት ስንቱ ደጅ ላይ ስንት ራስ በዝናብ እንደራሰ ብታይ!

የቀረው የአቤሊኖ ማንሲያ ደጅ ነው። ትልቆቹ በሬዎች የሱ ናቸው፤ ቤት የሚጎትት ሞተር ያለውም የሱ ጀልባ ብቻ ነው። ሮሴንዶን ይዛ ወጥታ ያለ እሱ የተመለሰችው ጀልባ። ስሙ ሲጠራ ሁሉም አቀረቀሩ። ያኔ ኤዱቪና ከኋላ ወንበር ተነሣች።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች።

«ብቻሽን?» አላት ኩስቶዲዮ።

እርሳሷን አስቀመጠች፤ መልሳ አነሣች። ከዚያ «አይ» አለች። «ኑ።»

ያን «ኑ» መለኪያሽ በምን ይለካዋል? እኔ ጀርባዬን አዙሬ ሰሌዳ የማጠፋ መሰልሁ።

አብሬያቸው እስከ አጥሩ ሄጄ እዚያ ቆምሁ፤ ባለቤት አይደለሁማ። የሆነውን የነገረኝ ኩስቶዲዮ ነው። አቤሊኖ በሩን ከፍቶ የቆመችውን ሲያይ መቃኑን ያዘ። እሷም «ጋሼ አቤሊኖ፣ ልለምንዎት...» ብላ ቀሪው ቃል አልወጣትም። ሌሎቹ ከኋላዋ አንድ ላይ «መጣን» ብለው ጨረሱላት። ሰውየው «መቼ?» አለ። ከዚያ እሷም እሱም አለቀሱ፤ «እኛ ግን ዶሮዎቹን ስናይ ነበር» አለኝ ኩስቶዲዮ። እንግዲህ የሰው እንባ ትኩር ብሎ ማየት ነውር መሆኑንም ያውቁታል!

በማግስቱ አቤሊኖ ቆቡን በእጁ ይዞ የኤዱቪና እናት ደጅ ቆመ። የነሱን እንጨት እሱ እንዲፈልጥ ይፈቅዱለት ዘንድ ሊለምን ነው የመጣው። እናትየው ከአልጋዋ ሆና «መቼ?» አለችው አሉ።

ቂሜ ትንሽ ለቀቅ አድርጎኛል። ትንሽ ነው።

ዶሚቲላ


ኩልዌ፣ ቤተ ጸሎቱ ሜዳ
ኦክቶበር 27 ቀን 1997

አይዴዬ፣

አድራሻውን አየሽው? ተሻግረናል!

«እንዴት ነበር? አንድም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ» ብለሻል። አልችልም፤ ብጽፈውም ራሴ አላምነውም። ጥማድ በሬዎች ከየአቅጣጫው ሲወርዱ፣ ወንዱም ሴቱም ገመዱ ላይ ሲሰለፍ፣ ሌላ ደሴት ያሉት ሳይቀሩ ወሬ ሰምተው በጀልባ ሲመጡ አየሁ። ሳትለምኑን ብለው ያኮረፉም ነበሩ፤ ልጆቹ ሮጠው እዚያው ዳርቻው ላይ ለመኗቸውና ገመድ ያዙ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ያንን ክፍል፣ ስታስነጥሺ የምቆጣሽበትን ያንን ክፍል፣ ከነመስኮቶቹ ባሕር ላይ ሲሄድ ነው። ከፊቱ የአቤሊኖ ጀልባ አለች። የሚሰማው ሞተሩ ብቻ ነበር። ተንበርክኬ ኖሯል፤ ጭቃውን ያየሁት ቀሚሴን ሳጥብ ነው።

ይህን ሁሉ ሰው ከየቤቱ ያወጣው የልጆች አንደበት ነው። ከፍ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ቢሆን።

አሁን የማይጣፍጠውን ልንገርሽ። የቢሮው ኃላፊ መጥቶ ነበር። ኩራንቶው፣ ዛጎሉ ከነሥጋውና ከነድንቹ፣ ከጋለው ድንጋይ ጉድጓድ ሲወጣ አብሮን በላ፣ ጣቱን ላሰ፣ «ድንቅ ነው! ድንቅ ነው!» አለ። አፉን ከጠረገ በኋላ ግን ወደ ጥግ ወሰደኝ። «ሕንፃው ተርፏል፣ እሰየው» አለኝ። «ሪፖርቱ ግን ልጆቹ ላይ ነው። ከሳንቲያጎ ሆና የለካቻቸው ሴት ራሷ መጥታ ቦርዱ ፊት ‹መለኪያዬ ተሳስቷል› ካላለች እጄ የታሰረ ነው። ኖቬምበር ላይ ይወሰናል።»

ይህን ከልጆቹ ደበቅሁ። ግን ከነዚህ ልጆች ምን ይደበቃል? ኩስቶዲዮ በመስኮት ሰምቶታል። «አንድ ደጅ ቀርቶናል ማለት ነው» አላቸው።

እኔ አልለምንሽም። እንደተባልሁት ደመወዝተኛ ነኝ፤ ደግሞም ብትመጪ ምን እንደምታጪ አውቃለሁ። የፕሮፌሰሩ ፊርማ ከሌለ ያ ሁሉ ዓመት ልፋትሽ ምን እንደሚሆን ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ። ከዚህ ጋር ያለውን የጻፈችው ኤዱቪና ናት። አስተማሪ ሆኜ ስህተት ሳላርም የልጅ ጽሑፍ ስልክ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰላምታውን አሁን እሰጥሻለሁ። እንዴት ነሽ፣ የኔ ልጅ?

አክስትሽ ዶሚቲላ


ለእትዬ አይዴ ካርካሞ፣

እንደምን ነዎት። እኔ ደህና ነኝ። እናቴ ትናንት ተነሥታ ድንች ላጠች። ትምህርት ቤታችን ባሕር ተሻገረ። የጠመኔ ሳጥኑ እንኳን አልወደቀም።

እርስዎ በላኩት ወረቀት ላይ «ብቻዬን እወጣዋለሁ» ለሚለው «ሁልጊዜ» ያልሁት እኔ ነኝ። አልዋሸሁም። ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር። አሁን ግን እንደዚያ አይደለም።

ኩስቶዲዮ «ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው እኛ ትንሽ አግኝተን አንቺ ሙሉ ስላገኘሽ ነው» አለኝ። እትዬ ዶሚቲላ አይደለም አሉት። ግን ቀስ ብለው ነው ያሉት። መልስ መቀየር ይቻላል? ከተቻለ የኔንም «በጭራሽ» ያድርጉልኝ። ነጥቤ ቢወርድ ግድ የለኝም።

ደጅዎ ሩቅ ስለሆነ መጥቼ መቆም አልቻልሁም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። ኩስቶዲዮ ወረቀቱን እንዳይንሸራተት ይዞልኛል። ሌሎቹም ከኋላዬ ቆመዋል። መከናነቢያችንን ወደ ኋላ መልሰናል።

ልለምንዎት መጣሁ። ካስትሮ መጥተው እኛ ሰው እንዳለን ይንገሩልን።

ኤዱቪና ናዌልኪን


ቴሌግራም
ከሳንቲያጎ
ለኤዱቪና ናዌልኪን፣ ኩልዌ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ጸሎቱ ሜዳ

መቼ?

አይዴ